የሚያልበው ቦይለርና የሚነዝረው ቧንቧ

በጉለሌ ቦይለር እንደሚያልበው የማታውቅ የቤት እመቤት ካለች፣ እኔ ያልደረስኩባት ናት። ጉራ መሰለባችሁ? ይምሰላ! ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቤት ቧንቧ ስፈታና ስገጥም ኖሬ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ በረንዳዬ ላይ እግሬን ዘርግቼ ስቀመጥ ትንሽ ብጎርር የሚከለክለኝ የለም። መሥሪያ ቤቴ ሲያሰናብተኝ ጋቢ ደርቦ፣ ፎቶ አንስቶ፣ «ምስጉን ሠራተኛችን ነበሩ» ብሎ በአጭሩ ጨረሰው። እኔ ግን በአጭር የሚያልቅ ወሬ አይሆንልኝም።

አስካለ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት አዲሱ ገበያ ነው። ሥራዬ የውሃ ማሞቂያ መግጠምና መጠገን ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ «ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ» እላለሁ እንጂ በልቤ የማውቀው ሌላ ነው። የእኔ ሥራ ገላውን ሊታጠብ የገባ ሰው በገባበት በር በጤናው እንዲወጣ ማድረግ ነው። ውሃና ኮረንቲ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ መሐላቸው የሚቆም ሽማግሌ ይፈልጋሉ። ሽማግሌዋ እኔ ነበርኩ፤ ብዙ ጊዜም አስታርቄአቸዋለሁ።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት ለዕቃ ግምጃ ቤት ነው። መንግሥት የሚያከራያቸውን ቤቶች የሚጠግን ክፍል ውስጥ ቧንቧና ማጠፊያ እየቆጠርኩ ለሠራተኞቹ አስረክብ ነበር። ዕቃ ሊወስድ የሚመጣውን ሁሉ «ለየትኛው ቤት ነው? ከስንት ቧንቧ ጋር ነው የሚጋጠመው?» እያልኩ ሳደርቀው፣ አንድ ቀን ጋሽ ሳሙኤል የሚባሉት ትልቁ ባለሙያ ሳቁና፣ «ይህቺ ልጅ ዕቃውን ሳይሆን ቤቱን ነው የምታየው፤ ለእኔ ስጡኝ» አሉ። አለቃችን አቶ ደርቤ፣ «ሴት ልጅ ጣሪያ ላይ ልትወጣ?» ብለው ተቆጡ። ጋሽ ሳሙኤልም ረጋ ብለው፣ «ጣሪያውን ከወጣችበት በኋላ እንጠይቀው» አሏቸው። ወጣሁ። ጣሪያውም ምንም አላለም። ደሞዙ ለታክሲና ለሽሮ ይበቃ ነበር፤ ስለ ደሞዝ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ጋሽ ሳሙኤል የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ ናቸው። አባታቸው ጥለት መሥራት አስተምረዋቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ቧንቧ ወደዱ። ቢሆንም የሸማኔ እጅ የትም አይጠፋም። ያኔ ቴፍሎን እንደ ልብ ስለማይገኝ መጋጠሚያው እንዳያፈስ የቧንቧው ጥርስ ላይ ቃጫ ይጠመጠም ነበር። ሌላው ሠራተኛ ቃጫውን ዝም ብሎ ይከምረዋል። ጋሽ ሳሙኤል ግን በምራቃቸው አርሰው፣ በጣታቸው አፍታተው፣ በጥርሱ አቅጣጫ አንድ በአንድ ያስተኙታል። እርሳቸው ያሰሩትን መጋጠሚያ ከስንት ዓመት በኋላ ስፈታው ቃጫው እንደተኛ አገኘዋለሁ፤ ለማፍረስ እጄ ይሳሳል።

ልማዶች ነበሯቸው። ሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታ ቀጥሎ ወደ ቆጣሪው ሄደው ፊውዙን ይነቅሉና ኪሳቸው ይከቱታል። «ፊውዙ ኪሴ ካልገባ እጄ አይታዘዘኝም» ይላሉ። ኮረንቲ እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላም እንኳ ቧንቧ ሲነኩ በመዳፋቸው ጀርባ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «ኮረንቲ እጅሽን ያስጨብጥሻል። በመዳፍሽ ከያዝሽው አይለቅሽም፤ በጀርባው ከሆነ ግን እጅሽ ራሱ ይሸሻል» አሉኝ። ዛሬ መፈተሻ ካቻቪቴ በየሱቁ ሞልቷል፤ እናንተ በመዳፍም በጀርባም እንዳትሞክሩት።

ሻይ ላይ ደግሞ አይቻሉም ነበር። የቤቱ ሰው ሻይ ላፍላ ሲል ዓይናቸው ማንቆርቆሪያውን ሳይሆን ቧንቧውን ይከተላል። ቶሎ እንዲፈላ ብሎ ከሙቁ ቧንቧ ከቀዳ፣ «የኔ እመቤት፣ ይቅርብኝ» ይላሉ። «ከቦይለር የወጣ ውሃ ለገላና ለዕቃ ነው። ሆዱ ውስጥ የስንት ጊዜ ዝገትና ዝቃጭ አለ። የሚጠጣ ከቀዝቃዛው ተቀድቶ ይፈላል።» የጠፋ ውሃ ሲመለስም የመጀመሪያውን ባልዲ ለወለል ያስደፉ ነበር። ባለቤቶቹ ቅር ይላቸዋል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባልዲ ሙሉ ውሃ ወለል ላይ ድፉ ማለት ቀላል አይደለም። እርሳቸው ግን ፈገግ ብለው የጠራው እስኪመጣ ቆመው ይጠብቃሉ።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ። ጳውሎስ አካባቢ፣ በሽተኛ ሊያስታምሙ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ሰዎች የሚያርፉበት አንድ ፔንሲዮን ነበር። ቤቱ በእኛ ጥገና ሥር ስለነበር ትልቅ ቦይለር የገጠምነው እኛ ነን። ቦይለር ላይ አንዲት ትንሽ ክዳን አለች። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል፤ ያበጠው መውጫ ካላገኘ ታንከሩን ይገፋል። ያቺ ክዳን ያበጠውን ጠብ ጠብ እያደረገች ታስወጣለች። ሴፍቲ ቫልቭ ትባላለች። ገጠምናት፣ ውሃው ሲሞቅ ጠብ ጠብ አለች፣ እኛም ደስ ብሎን ሄድን።

የፔንሲዮኑ ዘበኛ ቅን ሰው ነበር። የግቢው ጎረቤቶች ጀሪካን ይዘው ውሃ ፍለጋ ሲንከራተቱ፣ «የእናንተ ግድግዳ ውሃ ያፈሳል!» እያሉ አላስቀምጥ አሉት። እሱም መሥሪያ ቤታችን ድረስ መጥቶ ቦይለራችሁ ያፈሳል አለን። «አዎ፣ ማፍሰሱ ጤንነት ነው» አልነው። እንዴት እንዳየን አልረሳውም፤ እንደ ወፈፌ ነው ያየን። ተመልሶ ሄደና የመጥረጊያ እጀታ ቆርጦ፣ ጠርቦ፣ የቫልቯን አፍ ጥርቅም አድርጎ ደፈነው። ጠብታው ቆመ፣ ጎረቤቱም መረቀው።

የሙቀት መቆጣጠሪያው ተጣብቆ ማሞቁን አላቆም ባለ አንድ ጠዋት ቦይለሩ ፈነዳ። ሙሉነሽ የምትባል ሠራተኛ ከሥሩ አንሶላ ታጥብ ነበር። አንገቷና ቀኝ ክንዷ ተቃጠለ። ነፍሷ ተረፈች፤ ከሆስፒታል ስትወጣ ግን የቀኝ እጇ ጣቶች አይዘረጉም ነበር። ፍርስራሹን ስናነሳ ያ የመጥረጊያ እንጨት ከቫልቯ አፍ ሳይነቃነቅ አገኘነው። ያንን እንጨት ሳይ አለቀስኩ፤ ከዚያ ንዴቴ መጣና ዘበኛውን ልጮህበት ዞርኩ። ደረጃው ላይ ራሱን ይዞ ተቀምጦ እሱም ያለቅሳል።

«ተይው» አሉኝ ጋሽ ሳሙኤል። «እሱ አይደለም የደፈነው፣ ቃላችን ነው። ያፈሳል የተባለ ዕቃ ይደፈናል እንጂ ምን ይደረጋል?»

ከዚያ በኋላ ሥራ ይሠራሉ፣ ቃጫቸውን ያስተኛሉ፣ ወሬ ግን የለም። ሌላ ቃል እየፈለጉ እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። በክረምቱ ብርድ መታቸውና ቤታቸው ተኙ። ድነው የመጡ ዕለት ገና ከበሩ ሳይገቡ፣ «አስካለ! አገኘሁት!» ብለው ጮኹ።

«ምኑን ነው ያገኙት?»

«ትኩሳቱ ሲጠናብኝ ሚስቴ ብርድ ልብስ ደራርባ ሸፈነችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ቆሞ ‹አላበው? አላበው?› ይላታል። ‹አዎ፣ አላበው› ስትላቸው ‹እሰይ! በቃ ዳነ!› አሉ። አየሽ? ላብ የሚደፍን ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ቦይለር አያፈስም። ቦይለር ያልበዋል!»

ይኸው ነው። በቃ ይቺ አንዲት ቃል ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቤቱ «ቦይለራችሁ ሲሞቅ ያልበዋል፤ ካላላበው ታሟል ማለት ነውና ጥሩን» ማለት ጀመርን። እማማዎቹ ወዲያው ገባቸው። «ምነው ታዲያ ቶሎ አትነግሩንም? ላብ ሲመለስ እኮ ይገድላል!» አሉን፣ እኛኑ አስተማሪ ሆነው። ለውሃው ለሚሳሱትም ከቫልቯ ቀጭን ቱቦ እያወረድን ጀሪካን ውስጥ አስገባንላቸው፤ የቱቦውን ጫፍ ክፍት ተውነው፤ ላቡም ለወለል ማጠቢያ ሆነ። ጠብታ አይባክንም፣ አይደፈንም።

ከዚያ ወዲያ እኛ በምንሠራባቸው ቤቶች የተደፈነ ቫልቭ አላገኘሁም። አቶ ደርቤ እንኳ ቃሉ ተጣብቆባቸው በሪፖርት ላይ «ቦይለሩ በደንብ አልቦታል» ብለው ጻፉ። ከበላይ ሪፖርቱ በቀይ ተሠርዞ ተመለሰላቸው፤ እርሳቸው ግን አልቀየሩትም። ሙሉነሽ ሳሙናና ኦሞ የምትሸጥበት ሱቅ ከፈተች። በግራ እጇ መልስ እየቆጠረች፣ «ቦይለራችሁ ያልበዋል ግን?» ሳትል ደንበኛ አታሰናብትም። ያ ዘበኛም ተራ በተራ የጎረቤቱን ቦይለር እየዞረ የሚያይ ሆነ። ስልክ ሲመጣ ደግሞ፣ «እትዬ አስካለ፣ ቦይለራችን ትናንት አላላበውም፣ ቶሎ ድረሺ!» የሚሉኝ በዙ። እኔ ስልኩን ስዘጋ ብቻዬን እስቃለሁ። ፎርማን ሆንኩ፣ ሠራተኛ አሠለጠንኩ፣ ጋሽ ሳሙኤልም ይህን ሁሉ አይተው ነው በሰላም ያረፉት።

ታዲያ ትልቁን ድሌን ያገኘሁት መሥሪያ ቤት ሳለሁ አይደለም፤ ጡረታ ወጥቼ መታወቂያዬን ካስረከብኩ በኋላ ነው።

አዲሱ ገበያ ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ አንዲት ነፍሰ ጡር መጥታ ሰላም አለችኝ። ትዕግሥት ነች፤ ድሮ እናቷ ቤት ቦይለር ገጥሜያለሁ። እናቷ ካረፉ በኋላ ያሳደጓት አክስቷ እማማ ብርቄ ናቸው፤ ቀጨኔ አብረው ይኖራሉ። ሆዷ ገፍቷል፣ መውለጃዋ ተቃርቧል። ፊቷ ግን ልክ አይደለም።

«እትዬ አስካለ፣ የመታጠቢያ ቤታችን ቧንቧ ይነዝራል።»

«ቦይለሩን አጥፉትና ሰው ጥሩ!»

«አክስቴ እንቢ አለች። እ... ማለቴ፣ ጸበል ነው ትላለች። ጉልበቷን አሽሎታል። ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ ቧንቧውን ይነካል፣ ከሱም ይጠጣል። እኔ ልውለድና ሕፃኑን እዚያ ላጥበው ነው? ፈራሁ። አሳድጋኛለች፣ ምን ልበላት?»

ሽንኩርቱን እዚያው ትቼ ተከተልኳት።

የቀጨኔን ዳገት ወጥተን ግቢው ስንደርስ ሴቶች በመታጠቢያ ቤቱ በር ተሰልፈዋል፤ ጫማቸውን አውልቀው ደጃፉ ላይ ደርድረዋል። እማማ ብርቄ ነጠላቸውን መስቀልያ አጣፍተው በር ላይ ቆመዋል። አጭር ናቸው፤ ምላሳቸው ግን ረጅም ነው። ውስጥ ገብቼ መፈተሻ ካቻቪቴዬን ቧንቧው ላይ ሳስጠጋ መብራቷ ቦግ አለች። ወለሉ ርጥብ ነው፣ ሰልፈኛው ሁሉ ባዶ እግሩን ነው።

«እማማ ብርቄ፣ ይህ ኮረንቲ ነው። አሁኑኑ ቆጣሪው ላይ ላጥፋው።»

«ማን ልኮሽ ነው?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ ማንም አልላከኝም። መታወቂያ የለኝም፣ ማዘዣ የለኝም። ሴቶቹ አጉረመረሙ። አንዷማ «ምቀኛ አይጠፋም» ስትል ሰማኋት። ደሜ ፈላ፣ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ግን የፔንሲዮኑ ዘበኛ እንዴት እንዳየን ትዝ አለኝ። ሰው በያዘው ቃል ውስጥ ገብተሽ ካላናገርሽው አይሰማሽም። አፌን ዘጋሁና ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

«እሺ እማማ፣ ይንገሩኝ። መቼ ነው የሚነካዎት?»

ጥያቄው ደስ አላቸው መሰለኝ አጠገቤ ተቀመጡ። «ጠዋት ጠዋት፣ ውሃው ሞቅ ሲል ነው። ክንዴን ውርር ያደርገኛል። ከዚያ ጉልበቴ ይፍታታል። ይኸው ያለ ከዘራ ነው የምሄደው።»

«ሁልጊዜ ይነካዎታል?»

«ጫማ ካደረግሁማ የት ይነካኛል! ጸበል በባዶ እግር ነው እንጂ። እነ ወይዘሮ እንትና በነጠላ ጫማ ገብተው ምንም ሳይላቸው ሲቀር፣ ‹አውልቁ፣ እንዲህ ያለ ቦታ በጫማ አይገባም› ያልኳቸው እኔ ነኝ። አውልቀው ሲነኩ ተንቀጠቀጡ!»

ላብ አጠመቀኝ። የነጠላ ጫማው ጎማ ነው ኮረንቲውን የሚከለክላቸው፤ እርሳቸው ደግሞ ለእግዜር ባላቸው ክብር የመጨረሻዋን መጠበቂያ ከእያንዳንዱ ሰው እግር ላይ እያስወለቁ ነበር። ክፋት የለበትም፣ ሞኝነትም የለበትም። ጫማ ማውለቅ ያስተማረቻቸው ቤተ ክርስቲያን ናት። ችግሩ ቦታው ነው።

«ቧንቧው ከድሮም እንዲህ ነበር?»

«የለም። አምና የብረቱ ቧንቧ ዝጎ በላስቲክ ከተቀየረ ወዲህ ነው የተገለጠልን።»

ነገሩ በራልኝ። የድሮ ሰው የቦይለሩን የመሬት ሽቦ ከብረቱ ቧንቧ ጋር ያስረዋል። ከቦይለሩ የሚሾልክ ኮረንቲ ካለ በብረቱ አድርጎ መሬት ይገባል፣ ሰውም አያገኘውም። ብረቱ በፕላስቲክ ሲቀየር መንገዱ ተቆረጠ። መውጫ ያጣው ኮረንቲ ቧንቧው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ባዶ እግሩን የሚመጣውን ይጠብቃል። ዛሬ ይነዝራል፤ ነገ የሚሾልክበት ሲሰፋ ይገድላል። ይህን ሁሉ ግን ለእማማ ብርቄ አልነገርኳቸውም። ትዕግሥት ሆዷን ይዛ ከኋላችን ቆማ እየሰማች ነው። ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእርሳቸው እምነት።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የመድኃኔ ዓለም ጸበል መብራት ሲጠፋ ይጠፋል?»

«ምን ማለትሽ ነው? የእግዜርን ነገር ማን ያጠፋዋል!»

«እኔም እንደዚያው ነው የማምነው። እንግዲያው ቆጣሪው ላይ ያለችውን ማጥፊያ ዝቅ ላድርጋት። ቧንቧው ውስጥ ያለው የእግዜር ከሆነ እኔ አስካለ በአንድ ጣቴ ላጠፋው አልችልም። ያን ጊዜ ይቅርታ ጠይቄዎት፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ከሰልፉ መጨረሻ እቆማለሁ።»

እማማ ብርቄ እንቢ ቢሉ እምነታቸው ጎደለ፤ እሺ ቢሉ... ለረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ቆጣሪው ዘረጉና፣ «ሂጂ፣ አጥፊው» አሉ።

አጠፋሁት። መፈተሻዬን አስጠጋሁ፤ መብራቷ የለችም። በመዳፌ ጀርባ ነካሁት፤ ምንም የለም። ገለል አልኩላቸው። እማማ ብርቄ በባዶ እግራቸው ገብተው፣ አማትበው፣ ቧንቧውን ያዙ። ጠበቁ። ለቀው እንደገና ያዙ። በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ዞር ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር አሳዘነኝ፤ የተሸነፈ ሰው ፊት ነው።

«ታዲያ ጉልበቴን ማን አሻለው?» አሉ በቀጭን ድምፅ።

«ሙቁ ውሃ ነዋ እማማ! ጠዋት ጠዋት በሙቅ ውሃ ሲታጠቡ ጉልበትዎ ይላላል። ኮረንቲው ሊገድልዎት ነው እንጂ ሊያድንዎት አልመጣም።»

ከዚያ ያ ረጅም ምላስ ተመለሰ። «ሙቁ ውሃስ ቢሆን የማን ነው? የእግዜር አይደል?»

«የእግዜር ነው።»

«እንግዲያው ምን ያስለቅሰኛል! ሥሪልኝ!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ቅድም ምቀኛ ያለችኝ ሴትዮ ጀሪካን ልትይዝልኝ ሮጠች። እኔ ጡረተኛዋ ቀሚሴን ሰብስቤ ሥራ ገባሁ። ቦይለሩን አራግፌ ማሞቂያውን ብረት ስመዝዘው ነጭ ቅርፊት እንደ ኖራ ተጋግሮበታል፤ ቅርፊቱን ሳነሳው ብረቱ ጎኑን ተሰንጥቋል። ከታንከሩ ሆድ የወጣውን ቡናማ ዝቃጭ በሳፋ አድርጌ ለሰልፈኞቹ አሳየኋቸው። «የጠጣችሁት ይህንን ነው። የሚጠጣ ከቀዝቃዛው ቀድታችሁ አፍሉ» አልኳቸው። አንዷ አፏን ይዛ ወጣች። በማግሥቱ አዲስ ማሞቂያ ብረት ገጠምኩ፤ ለመታጠቢያ ቤቱ የተለየ የመሬት ሽቦ ስቤ ከመዳብ ዘንግ ጋር አሥሬ ከግቢው ጥግ ቀበርኩ፤ ኮረንቲ ሲሾልክ ራሱን የሚያጠፋ ብሬከርም አስገባሁ። ቧንቧው ላይ መፈተሻዬን ሳስጠጋ ጨለማ ነው። በሥራ ዘመኔ እንደዚያች ጨለማ ያስደሰተኝ ብርሃን የለም። እማማ ብርቄንም መጀመሪያ አሙቀው፣ አጥፍተው፣ ከዚያ እንዲታጠቡ፣ ሲታጠቡም ነጠላ ጫማ ከእግራቸው እንዳይለይ አስማልኳቸው።

ትዕግሥት ወንድ ልጅ ወለደች። ሕፃኑ የሚታጠብበት ቀን ሲደርስ እማማ ብርቄ «አንቺ ካልመጣሽ አናጥበውም» ብለው ላኩብኝ። ሳፋው ውስጥ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን፣ ከዚያ ሙቁን ጨመርኩ። በእጅ ሳይሆን በክርን ነው የሚለካው፤ እጃችን በሥራ ጠንክሮ ይዋሻል። ክርኔን አገባሁ። ለብ ብሏል። ትዕግሥት ልጇን ቀስ አድርጋ አስገባችው። አንዴ ጮኸና፣ ውሃው እግሩን ሲያቅፈው ዝም ብሎ ዓይኑን ገለጠ። ትዕግሥት ቀና ብላ አየችኝ፤ ያ አዲሱ ገበያ ያየሁት ፍርሃት ከፊቷ ጠፍቷል። እኔ ለዚህ ነው የኖርኩት ብዬ በልቤ ጮኽኩ።

ይሄኔ የግቢው በር ተንኳኳ። ትከሻዋን ያመማት አንዲት ሴትዮ ከሩቅ ሰፈር መጥታ፣ «እዚህ ቤት የሚዳስስ ጸበል አለ ተብዬ ነው» አለች። ሁላችንም እማማ ብርቄን አየን። እርሳቸው ሕፃኑን በፎጣ ተቀብለው፣ ያለ ከዘራ፣ ቀጥ ብለው ወደ በሩ ሄዱ።

«እህቴ፣ ኮረንቲ ነበር፤ ይህን ልጅ ሳናየው ሊፈጀን ነበር» አሉ ሕፃኑን እያሳዩ። «ጸበሉ መድኃኔ ዓለም ነው፣ ነገ አብረን እንወርዳለን። አሁን ግን ከደከመሽ ግቢና በሙቅ ውሃ ትከሻሽን ታጠቢ።»

ሴትየዋ አመስግና ደጃፉ ላይ ልታወልቅ ጎንበስ አለች። እማማ ብርቄ እስከ ታችኛው መንገድ በሚሰማ ድምፅ ጮኹባት፦

«ጫማሽን እንዳታወልቂ!»